አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰው

የስንብቴ ዕለት የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ኬክ አስቆረጠልኝ። ኬኩ ላይ ስሜ በክሬም ተጽፏል፤ ከስሜ ቀጥሎ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ። ልጆቹ ቀልድ ያውቃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ለጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ ሳዘጋጅ ለኖርኩ ሴት ከዚህ የተሻለ ምን ይሳልላት? ስቄ ቆረስኩት።

ኬኩ ሲያልቅ የፕሮግራሙ ኃላፊ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ ስልኩን አወጣና «እትዬ ውድነሽ፣ ተተኪዎን ላስተዋውቅዎት» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ስለ ታሪክ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ቃላት አሥር ጥያቄ ከነመልሱ እንዲያወጣ አዘዘው። ሻዬን አንድ ጊዜ ፉት እስክል አሥሩም ተደርድረው ነበር። እኔ አሥር ጥያቄ ለማውጣት ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ልጆቹ እየተሻሙ ይመልሳሉ፣ እኔ ከዳር ተቀምጬ በልቤ እመልሳለሁ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እንዲህ የሚል መጣ፤ «ኢትዮጵያዊው ሯጭ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ስልኩ መልሱን አሳየ፤ 1953። ተጨበጨበ።

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። መልሱ 1952 ነው። ስህተቱን ገና ሳየው ያወቅኩት አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት አቃቂ ውስጥ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ፣ ይህንኑ ስህተት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ያኔ ጫልቱ ቱፋ የምትባል የሽመና ክፍል ሠራተኛ ትክክሉን መልሳ ነበር። የእኔ ካርድ ተሳስተሻል አላት፤ እኔ እውነቱን ሳውቀውም ዝም አልኩ።

«ተሳስቷል» አልኩ። «ሃምሳ ሁለት ነው።»

ኃላፊው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «ማዘር፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ» አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ስጦታዬ የግድግዳ ሰዓት ነበር። እሱን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ እስከ ቃሊቲ ድረስ ጉልበቴ ላይ ሲቆጥር ተሰማኝ።

ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ልጅ አልሰጠንም። ጎረቤቶቼ ጎህ ሳይቀድ ለሰርቪስና ለታክሲ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ደክመው ይመለሳሉ፤ በመሀል ያለው ቀን የእኔ ብቻ ነው። ሥራ ላይ እያለሁ ይህን አላውቅም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ያናገርኩት ሰው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። እሱም «ደህና ይዋሉ» ብሎኝ ሄደ። አልጋዬ ሥር አሥራ አራት የጫማ ካርቶን አለ፣ ሁሉም የጥያቄ ካርድ ነው። ሲከፋኝ አንዱን እጎትትና ድምፄን አውጥቼ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ራሱን ሲጠይቅ የሚሰማውን የሞከረው ያውቀዋል። በሦስተኛው ካርድ ላይ ክዳኑን እዘጋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሣህሉ ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኞች ክበብ ንባብ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር እሳቸው የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ንባብ ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የቆዩ ጋዜጦች፣ በጥጥ ብናኝ የተሸፈነ መስኮት። ደሞዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለአስቤዛ የሚበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የማወራለት አይደለም። ዋናው ሥራችን ግን ቅዳሜ ነበር። በምሳ ሰዓት ጋሽ ሣህሉ ካፍቴሪያው ውስጥ የድምፅ ማጉያውን ይዘው ይቆማሉ፣ አሥር ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሽልማቱ ሳሙና ነው። ለዚያ ሳሙና ሰው ወጡን ትቶ እጁን ያወጣ ነበር።

ካርዶቹን የምንሠራው ክር ከሚመጣበት ካርቶን ነው፤ በመዳፍ ልክ እየቆረጥን። ፊቱ ላይ ጥያቄው፣ ጀርባው ላይ መልሱ ይጻፋል፣ ሁልጊዜ በእርሳስ። «እስክሪብቶ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔ ገና እየጠየቅኩ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ሣህሉ። ከመልሱ ሥር «ማን ነገረህ?» የሚል ይጽፉና ሁለት መስመር ያሰምራሉ። አንደኛው መስመር ለወረቀት ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ መዝገብ። ሁለተኛው ለሰው ነው፤ ነገሩን ያየ፣ የሠራ፣ ወይም ካየው ሰው የሰማ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰው። ሁለቱ መስመሮች ሳይሞሉ ካርዱ ወደ ሳጥኑ አይገባም።

«ሰውስ ለምን?» አልኳቸው ገና እንደጀመርኩ። «መጽሐፉ እያለ?»

«ወረቀት ሲሳሳት ፊቱ አይቀላም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰውን ግን ስታዪው ታውቂያለሽ።»

ስለ ጠገራ ብር አንድ ጥያቄ ስናዘጋጅ መጽሐፉ፣ ብሩ ላይ የተቀረጸው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሲታተም እንኳ ዓመቱ አልተለወጠም ይላል። ለእኔ በቂ ነበር፤ ለእሳቸው አልበቃም። አቃቂ ገበያ ወደ አንድ ብር ሠሪ ወሰዱኝ። ሰውዬው አምስት ጠገራ ከጨርቅ ፈትቶ ዘረጋልን፣ እኛ አንድ በአንድ እያገላበጥን ዓመቱን አነበብን። ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የእኔ ጫማ ተረከዙ ለቅቋል፣ እሳቸው ግን ሠርግ ቤት ውለው እንደመጡ ሰው ያፏጫሉ።

ካርዱ ሲያልቅ ደግሞ የዘበኛው ፈተና አለ። ጥያቄውን በር ላይ ላለው ዘበኛ ያነቡለታል። ዘበኛው ሌላ ትክክለኛ መልስ ካገኘለት ጥያቄው ወድቋል። አንድ ጊዜ «ከጣሊያንኛ የመጣ የመኪና ዕቃ ስም የትኛው ነው?» የሚል ጽፌ መልሱን «ፍሬን» ብዬ በኩራት ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ጢሙን እየዳሰሰ «ጎማ» አለ፣ «ካምቢዮ» አለ፣ ትንሽ አሰበና «ቤንዚንም ዕቃ ከተባለ» ብሎ ጨመረ። ጋሽ ሣህሉ ካርዱን መለሱልኝ። «ጥያቄሽ በር አለው፣ መዝጊያ የለውም» አሉኝ። አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ መጻፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እያደር የሚበላሽ ጥያቄም አለ። «ትልቁ የብር ኖት የቱ ነው?» የሚለው ካርዴ ለስንት ዘመን መቶ ሲል ኖረ፤ ሁለት መቶ ብር የወጣ ጊዜ በላጲስ አጠፋሁት። በእርሳስ መጻፍ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የቅዳሜ መክፈቻቸውን ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ድምፅ ማጉያውን ነፋ ነፋ ያደርጉና፣ ስህተት ተገኝቶ እንደሆነ፣ «ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ» ይላሉ። ስህተቱን፣ ትክክሉን፣ ያረማቸውን ሰው ስም ይናገራሉ። ስድስት መቶ ሰው ፊት! በዚያ ላይ ዘመኑ አለቃ ተሳሳትኩ የማይልበት ዘመን ነበር። የፖለቲካ ኃላፊው አንድ ቀን ጠርቶ «ጓድ ሣህሉ፣ ይህ ነገር የክበቡን ክብር ይነካል» አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሰሙት፣ በቀጣዩ ቅዳሜም ነፋ ነፋ አድርገው «ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ» አሉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ በሀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። እንዴት ያለ ድፍረት እንደነበረ የገባኝ እኔ ስፈልገው ባጣሁት ጊዜ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ በክፍሎች መካከል ትልቅ ውድድር ይደረግ ነበር። የዚያ ዓመት ሽልማት ሳሙና አልነበረም። አስተዳደሩ አሸናፊውን ለሁለት ዓመት ሙሉ ደሞዙን እየከፈለ ሙያ ማሠልጠኛ እንዲያስገባ ተወሰነ። ከማሽን ጫጫታ ወጥቶ በሙያ ተመርቆ መመለስ ማለት ነው። የሽመና ክፍል ሴቶች ተሰብስበው ጫልቱን ወከሉ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ማታ ማታ ትማራለች፣ ንባብ ክፍላችን መጥታ ቆማ የምታነብ እሷ ብቻ ነበረች። ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል ትል ነበር።

ውድድሩ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው የጋሽ ሣህሉ ወንድም ሞተና ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄዱ። አርባውን ካርድ ብቻዬን ማዘጋጀት ነበረብኝ። ፈርቼ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር። የሮሙን ሩጫ ያገኘሁት አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ነው፤ «ሴፕቴምበር 1960» ይላል። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስንመልስ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት እንቀንሳለን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ወራት ስምንት። ሴፕቴምበርን ሁላችንም መስከረም ነው የምንለው። ሰባት ቀነስኩ፤ 1953። የመጀመሪያውን መስመር በመጽሔቱ ስም ሞላሁት። ሁለተኛውን፣ የሰውን መስመር፣ ባዶውን ተውኩት። ጊዜ የለኝም አልኩ። ደግሞ ይህን ታሪክ የማያውቅ ማን አለና ማንን እጠይቃለሁ?

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጫልቱና ከጥገና ክፍል የመጣ አንድ መካኒክ እኩል ነጥብ ይዘው መጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ። ጠያቂው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ነበር። ካርዱን ሲያወጣ የሮሙ መሆኑን ከቦታዬ አየሁ። ጫልቱ ደወሉን ቀድማ መታች።

«ሃምሳ ሁለት» አለች።

«ስህተት!» አለ ኃላፊው። ዕድሉ ለመካኒኩ ዞረ፤ መካኒኩ «ያው ሃምሳ ሦስት ይሆናላ» ብሎ ገመተ፤ የጥገና ክፍል ሰዎች ከወንበራቸው ተነሡ።

ጫልቱ ግን አልተቀመጠችም። «ጌታዬ፣ እኔ የተወለድኩት በዚያው ዕለት ነው» አለች። «ጳጉሜ አምስት ነበር፣ የበዓሉ ዋዜማ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ነው፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ለት፣ ትናንት ሮም ላይ አሸነፈ ሲባል በጣቢያው ሬዲዮ ሰምቷል። እሱ ነው የነገረኝ።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ካርዱ የማን ነው? ምን ይላል?»

«ሃምሳ ሦስት» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «ልደትሽን ከካርዱ ጋር አስታርቂ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጫልቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም፤ ግራ የገባት ትመስል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ያ «ጳጉሜ» ያለችው ነገር ሰላም ነሣኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የሁለቱም አቆጣጠር ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። የሩጫውን ቀን ፈልጌ ከአንድ ሌላ መጽሐፍ አገኘሁት፤ ሴፕቴምበር አሥር። በዚያ ዓመት የእኛ መስከረም አንድ የገባው ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው። በጣቴ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ሩጫው የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ ነው የዋለው። ጳጉሜ አምስት፣ 1952። በአንዲት ቀን ዓመት ስቼ ነበር። ነገሩን ከእናቷ ማኅፀን ጀምሮ የምታውቀው ምስክር ፊቴ ቆማ ነበር፤ የካርዱ ሁለተኛ መስመር በእግሩ መጥቶልኝ ነበር፣ እኔ ግን ስህተት አስባልኩት።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ያን ዕለት ሄጄ ብናገር ኖሮ ነገሩ ይስተካከል ነበር። የመካኒኩ የሥልጠና ደብዳቤ ገና አልተፈረመም። ሁለት ጊዜ እስከ አስተዳደሩ በር ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ጋሽ ሣህሉ ይምጡና ለእሳቸው እነግራለሁ አልኩ። እሳቸው ሲመጡ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«እንዴት ነበር ውድነሽ? ስህተት ተገኘ?»

«አልተገኘም» አልኩ።

ቅዳሜ ማጉያውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ባለፈው ሳምንት እኔ አልነበርኩም» አሉ። «ውድነሽ ብቻዋን አርባ ካርድ አዘጋጅታ አንድ ስህተት አልተገኘባትም። አጨብጭቡላት።» ካፍቴሪያው አጨበጨበልኝ። ከሽመና ክፍል ሴቶች መሀል ጫልቱ ሳህኗን አስቀምጣ ስታጨበጭብ አየኋት። እያሾፈች አልነበረም። ከልቧ አምናኝ ነበር ያጨበጨበችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ንባብ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። ሰው ምን ሆነሽ ሲለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። ብቸኝነቴ ባለቤቴ ሲሞት የጀመረ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ስቆጥረው ከዚያች ቅዳሜ ይነሣል። ሰው ፊቱን የሚሸሸው አንድ ሰው ካለው፣ ቀስ በቀስ ከሁሉም ይርቃል። ጋሽ ሣህሉ ጡረታ ሲወጡ የካርድ ሳጥናቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ «ከአንቺ በላይ የምትጠነቀቅ አላገኘሁም» ብለው። ሳልነግራቸው ሞቱ።

የቀረው ቶሎ ይነገራል። ፋብሪካው ባለቤት ሲለውጥ ክበቡ ተዘጋ፣ እኔ ቃሊቲ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተመደብኩ። ርዕሰ መምህሩ ጥያቄ በቁጥር የሚወድ ሰው ነበር፤ በወር ሁለት መቶ ይለኛል፣ በወር አርባ እሰጠዋለሁ፣ በወር አንዴ እንጣላለን። ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያው ወሰደኝ። አድማጭ እየደወለ የሚመልስበት ፕሮግራም ነው። እዚያም ወረቀቱንና ሰውን ይዤ ቀጠልኩ፤ ለአንድ የኳስ ጥያቄ ሦስት የቀድሞ ተጫዋች ቤት የሄድኩበት ጊዜ አለ። የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣንበትን ዓመት፣ 1954ን፣ ሲያወሩኝ እያለቀሱ ነበር። ልጆቹ «እትዬ ውድነሽ ጥያቄ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያካሂዱት» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም የዓመተ ምሕረት ስህተት ዳግም አልሠራሁም። ያችን አንዷን ካርድ ግን አላረምኳትም። ከሳጥኑ አውጥቼ ለብቻዋ በመሀረብ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። የእኔ እውነት ዝም ብዬ ብቀመጥ አርባ ዓመት አልጠራም። ስልኩ ያንን ስህተት ሲደግመውና ሲጨበጨብለት የገባኝ ይሄ ነው፤ እኔ ስሞት ለጫልቱ ትክክሉን የሚያውቅላት አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቼ አቃቂ ሄድኩ። የፋብሪካው ጡረተኞች እድር ጸሐፊ አብሮን የሠራ ሰው ነው፤ ጫልቱን ጠየቅኩት። «አለች፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በአባቷ ቤት ናት» አለኝ። «በኃይል አንኳኪ። ጆሮዋ ደክሟል።»

ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ጫልቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ እንደ ልጅነቷ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው።

«ማን ልበል?» አለች፣ ጮክ ብላ።

«ውድነሽ ነኝ! ከንባብ ክፍሉ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «የካርዷ» አለች። በርጩማ ሳበችልኝ።

መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ንግግር በለሆሳስ ጀመርኩ። እጇን ጆሮዋ ላይ ደግና «አይሰማኝም» አለች። ድምፄን ጨመርኩ። «ጩኺ እህቴ፣ ሠላሳ ዓመት ከማሽን ጋር ያወራሁ ሰው ነኝ።» በርጩማው ላይ ሆኜ አልወጣ አለኝ። ብድግ አልኩ። ጋሽ ሣህሉ ማጉያውን ይዘው ሲቆሙ ታዩኝ።

«ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «የሮሙ ጥያቄ! መልሱ ሃምሳ ሁለት ነበር! ልክ ነበርሽ! በሰኞው አውቄዋለሁ፣ ዝም አልኩ!»

ልብስ አጣቢዎቹ እጃቸውን ውሃ ውስጥ እንደከተቱ ዞረው አዩኝ። ጫልቱ ምስሩ ላይ አቀርቅራ መልቀሟን ቀጠለች። እኔ ስለ ሥልጠናው ትናገረኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ስለ ሠላሳ ዓመቱ ጫጫታ፣ ስለ ጆሮዋ።

«በዚያን ዕለት ቤት ገብቼ አባዬን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?» አለች። «ውሸታም አልኩት። በሰው ፊት አዋረድከኝ አልኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ በየዓመቱ ጳጉሜ አምስት ሸንኮራ ያመጣልኝ ነበር፣ ከናዝሬት በሚመጣው ባቡር አስልኮ። ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ አልተወም። ምን አለኝ መሰለሽ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ፤ ወረቀቱ እንዲህ ካለ ወረቀቱ ያውቃል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሸንኮራ አላመጣም። ስለዚያ ቀንም ደግሞ አላወራም። እኔም መታወቂያዬ ላይ ሃምሳ ሦስት ብዬ አስጻፍኩ።»

«አባትሽ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖሩ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ዘጠኝ።»

ዘጠኙን ዓመት ሙሉ በዚያው ፋብሪካ፣ ከሽመና ክፍሉ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ነበር። አንድ ቀን ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ አባቷ ይሰሙት ነበር። እንዲህ ያለ ሀፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ሥልጠናው አይቆጨኝም» አለች። «እንጃ፣ ይቆጨኛል። ግን እሱን ሌላ ሰው ወስዶ ሠርቶበታል። ይኼኛውን፣ የአባዬን ቃል፣ ማን ሠራበት? ካርዷ አለችሽ?»

ከመሀረቡ ፈትቼ ሰጠኋት። ራቅ አድርጋ አነበበቻት፣ ገለበጠቻት። ጣቷ ጀርባው ላይ ቆመ። «ማን ነገረህ ይላል። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።»

«እሱ የሰው ነው! አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰው ነበር ደንባችን! ሰው አልጠየቅኩም!»

ካርዷን መለሰችልኝ። «እርሳስ አለሽ?»

እርሳስ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም። ሃምሳ ሦስትን በላጲስ አጥፍቼ ሃምሳ ሁለትን ጻፍኩ። ከዚያ ባዶው መስመር ላይ እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ፤ «ቱፋ ገለታ፣ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ»። «አንብቢው» አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

«በይ አሁን ጠይቂኝ» አለች።

ካርዷን አዞርኩና ጥያቄውን እንደ ያኔው፣ እንደ መድረክ ጠየቅኳት። ውድድር ላይ አሥር ሰከንድ ነበር የምንሰጠው። እሷ ከዚያ በላይ ቆየች። አልቸኮልኩባትም።

ሳትመልስልኝ ተነሣች። ካርዷን ከእጄ ወሰደች፣ የምስሩን ሰፌድ አነሣች። «በይ ሂጂ እህቴ» አለችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂ፤ ዛሬ አልችልም። ከአባዬ ጋር የምነጋገረው አለኝ።» ወደ ቤት ገባች።

እኔም ወጣሁ፤ የግቢውን በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁት፣ እንደማይሰማት ረስቼ። የባቡር ሐዲዱን አጥር ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ ድምፅዋ ከኋላዬ መጣ። ጆሮ የሌለው ሰው የሚነጋገረው ጮክ ብሎ ነው።

«አባዬ!» ትላለች። «ሃምሳ ሁለት ነው! ወረቀቱም ሃምሳ ሁለት አለ!»